እግር ኳስ፣ ውርርድና ፖለቲካ በምዕራብ ሸዋ

ምዕራብ ሸዋ በኦሮሚያ ክልል የሚገኝ ዞን ሲሆን ዋና ከተማው አምቦ ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪ.ሜ. ገደማ ይርቃል፤ ግንጪ፣ ጉደርና ጌዶም በዚሁ ወደ ነቀምቴ በሚያመራው መንገድ ላይ ይገኛሉ። የዞኑ ከተሞች በአገሪቱ የቅርብ ጊዜ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳ ሲሆን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የእግር ኳስ ሜዳዎች ያልተጠበቀ ቦታ አላቸው። እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ከ2010ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የስፖርት ውርርድ፣ በተለምዶ አጠራሩ «ቤቲንግ»፣ ወጣቱ ዘንድ ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ፖለቲካው የነካው ሜዳና ገንዘብ የሚወራረዱበት ሜዳ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ግንጪና አምቦ ነው፤ ሁለተኛው ማንቸስተር፣ ለንደንና ማድሪድ ነው።

የግንጪ ሜዳ

ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. የዘለቀው የኦሮሞ ተቃውሞ የተነሳው በግንጪ ከተማ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2015) እንደሆነ በሰፊው ይታወቃል። የዕለቱ ምክንያት ብዙዎች እንደሚያስቡት የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብቻ አልነበረም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ ተማሪዎቹ አደባባይ የወጡት ደን ተመንጥሮና የእግር ኳስ ሜዳ ተወስዶ ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ ነው በሚል ነበር። ደኑ በግንጪ አቅራቢያ የሚገኘው የጭልሞ ደን ነው። ሜዳው ተማሪዎች የሚጫወቱበት ነበር።

ነገሩ ከግንጪ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ተዛመተ። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. መቅረቱ ቢገለጽም ተቃውሞው አልቆመም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. ድረስ ከ400 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ሲገልጽ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ የሞቱት 173 መሆናቸውን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቧል። የሁለቱ ቁጥር ልዩነት ራሱ ለብዙ ጊዜ የክርክር ርዕስ ሆኗል።

ከግንጪ በፊትም አምቦ ነበረች። ማስተር ፕላኑን በመቃወም በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦ የተነሳው የተማሪዎች ሰልፍ በጥይት ተበትኖ ሰዎች ሞተዋል፤ ስንት ናቸው በሚለው ላይ የመንግሥትና የዓይን እማኞች መረጃ በጣም ይለያያል። በዚያው ሳምንት፣ ሚያዝያ 21 ቀን፣ ከአምቦ በጣም ርቆ በሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በቴሌቪዥን የእግር ኳስ ጨዋታ በሚመለከቱ ተማሪዎች መካከል ቦምብ ፈንድቶ አንድ ሰው ሲሞት 70 ያህል ቆስለዋል።

የአምቦ ስታዲየም

የአምቦ ስታዲየም በአገር አቀፍ ደረጃ የሚታወቀው በጨዋታ ሳይሆን በሕዝባዊ ስብሰባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ንግግር ያደረጉት በዚሁ ስታዲየም ነበር። በየካቲት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በአምቦ እሳቸውን ለመደገፍ በተጠራ ሰልፍ ላይ ፍንዳታ ደርሶ በርካታ ሰዎች ቆስለዋል። አምቦ የተወለደው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገድሎ፣ ሰኔ 25 ቀን ሽኝቱ የተደረገውም በዚሁ ስታዲየም ነው። ከሁለት ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አንድ ሜዳ የድጋፍም የሐዘንም አደባባይ ሆኗል።

ከዞኑ በወጡ ስፖርተኞች ዘንድ ፖለቲካን በዓለም ፊት ያሳየው ግን የእግር ኳስ ተጫዋች አይደለም። የጀልዱ ወረዳ ተወላጅ የሆነው አትሌት ፈይሳ ሌሊሳ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን 2:09:54 በሆነ ሰዓት ሁለተኛ ሲወጣ የመጨረሻውን መስመር እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አለፈ። ምልክቱ በተቃውሞው ጊዜ በኦሮሚያ የተለመደ ነበር። ፈይሳ ወደ አገሩ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያ ይህንኑ ምልክት ማሳየት ከልክሏል። ኢሳትንና ኦኤምኤንን መከታተልም ክልክል ነበር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ማየት ግን ማንም አልከለከለም። ስለዚህ አንድ ምሽት በዲኤስቲቪ ቤት የተሰበሰበ ወጣት የትኛው ጣቢያ ሲከፈት እንደሚያሳስርና የትኛው እንደማያሳስር ያውቅ ነበር። እግር ኳስ ለብዙዎች ያለ ስጋት ጮክ ብሎ መከራከሪያ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ክለቦች

ከዞኑ በክለብ እግር ኳስ ስሙ የገነነው ሙገር ሲሚንቶ ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በአዳ በርጋ ወረዳ የሚገኝ ሲሆን፣ በስሙ የተቋቋመው ቡድን ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። ይህ የፋብሪካ፣ የባንክ፣ የመከላከያና የመብራት ኃይል ክለብ አሠራር በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ሌላው የተለመደው መንገድ የከተማ አስተዳደር የሚደጉመው ክለብ ነው፤ «ከተማ» ወይም «ከነማ» የሚል ቅጥያ ያላቸው ክለቦች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። በሁለቱም አሠራር ክለቡ የደጋፊው ንብረት አይደለም። በጀት ሲቆረጥ ክለቡም አብሮ ይቆረጣል።

ክለብና ብሔራዊ ስሜት የተጣመሩበት ቀደምት ምሳሌ ከምዕራብ ሸዋ ውጪ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። ክለቡ እስከ ዛሬ ከአርበኝነት ጋር ተያይዞ ይነሳል። በቅርብ ዘመን ደግሞ ክለቦች ከክልልና ከብሔር ማንነት ጋር እየተሳሰሩ መጥተው፣ በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጓቸው ጨዋታዎች ከሜዳቸው ውጪ በገለልተኛ ስታዲየም እንዲካሄዱ ተደርጓል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛ፣ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በሱፐርስፖርት አማካይነት በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ፤ በዚያ ዓመት ሁሉም ክለቦች በአንድ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተጫውተዋል። ሁለተኛ፣ ሊጉ ስያሜውን ለአንድ የውርርድ ድርጅት ሸጦ «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተባለ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ፋሲል ከነማ ነበር። የአምቦ ወይም የጉደር ነዋሪ የአገሩን ሊግ በስክሪን፣ ከውርርድ ድርጅት አርማ ጋር መመልከት የጀመረው ያኔ ነው።

ውርርዱ እንዴት እንደሚሠራ

በውርርድ ቤት የሚገዛው ወረቀት «ቲኬት» ይባላል። ተወራራጁ ከዕለቱ ዝርዝር ጨዋታዎችን ይመርጣል፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 1 (ባለሜዳው ያሸንፋል)፣ X (አቻ) ወይም 2 (እንግዳው ያሸንፋል) ይላል። የጎል ብዛት ከ2.5 በላይ ወይም በታች ይሆናል፣ ሁለቱም ቡድኖች ያገባሉ የሚሉና ሌሎች ምርጫዎችም አሉ። ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎን ያለው ቁጥር «ኦድ» ነው። በአንድ ብር ስንት ብር እንደሚከፈል ያሳያል።

ኦድ የድርጅቱን ድርሻ በውስጡ የደበቀ ቁጥር ነው። ለምሳሌ አንድ ጨዋታ ለባለሜዳው 2.10፣ ለአቻ 3.20፣ ለእንግዳው 3.40 ኦድ ተሰጥቶታል እንበል። አንድን ለእያንዳንዱ ኦድ ብናካፍል 47.6 በመቶ፣ 31.3 በመቶና 29.4 በመቶ እናገኛለን። ድምሩ 108.3 በመቶ ይሆናል። ከሦስቱ ውጤቶች አንዱ መሆኑ የማይቀር ስለሆነ እውነተኛው ድምር 100 መሆን ነበረበት፤ 8.3 በመቶው የቤቱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሰው በዘፈቀደ ቢመርጥ ከእያንዳንዱ ብር በአማካይ 92 ሳንቲም ያህል ይመለስለታል።

ይህ በአንድ ጨዋታ ላይ ከሆነ ነው። በኢትዮጵያ ግን ተወዳጁ ብዙ ጨዋታዎችን በአንድ ቲኬት የሚያያይዘው ውርርድ ነው። ሁሉም ካልመጡ ምንም አይገኝም፤ ኦዶቹ እርስ በርስ ስለሚባዙ ግን ሊገኝ የሚችለው ብር በጣም ያጓጓል። የማይታየው፣ የቤቱ ድርሻም አብሮ መባዛቱ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ አምስት ጨዋታ ሲያያዝ ከአንድ ብር በአማካይ የሚመለሰው 67 ሳንቲም፣ አሥር ሲያያዝ 45 ሳንቲም ገደማ ነው።

በተጨባጭ ሲታይ እንዲህ ነው። የማሸነፍ ዕድላቸው 60 በመቶ የሆኑ አሥር «አስተማማኝ» ቡድኖች በ1.54 ኦድ ተመርጠው በ20 ብር ቲኬት ተቆረጠ እንበል። ኦዱ ተባዝቶ 75 ገደማ ይደርሳል፤ ቲኬቱ ከመጣ 1,500 ብር ያስገኛል። አሥሩም አብረው የሚመጡበት ዕድል ግን 0.6 በመቶ ነው፤ ከ165 ቲኬት አንዱ መሆኑ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ከ1,000 ብር በታች ያለውን ነፃ ስላደረገ፣ በዚህ ስሌት ከ1,500 ብር ላይ 225 ብር ተቀንሶ 1,275 ይቀራል። ሁሉም ሲጠቃለል ከ20 ብሩ በአማካይ የሚመለሰው 8 ብር እንኳ አይሞላም።

«በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚለው የተወራራጆች ወግም የመጣው ከዚሁ ሂሳብ ነው። እያንዳንዱ ቡድን 60 በመቶ ዕድል ካለው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ብቻ የሚመጡበት ዕድል 4 በመቶ ነው፤ አሥሩም ከሚመጡበት ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ለጥቂት የመሳቱ ስሜት ከማሸነፍ ይልቅ ደጋግሞ ያጋጥማል። ሰውን ነገ የሚመልሰውም ይኸው ስሜት ነው።

ከእውነተኛ ጨዋታ ሌላ «ቨርቹዋል» የሚባልም አለ። ኮምፒውተር በዘፈቀደ ቁጥር ውጤቱን አውጥቶ በሥዕል የሚያሳየው የደቂቃዎች ጨዋታ ነው። እዚህ ላይ የቡድን አቋም፣ የተጎዳ ተጫዋች ወይም ያለፉ ውጤቶችን ማጥናት ፈጽሞ ዋጋ የለውም፤ የሚጠና ነገር የለምና።

የአየርላንድ ንጽጽር

ውርርድ፣ የክለብ እግር ኳስና ብሔርተኛ ፖለቲካ በአንድ ሜዳ የሚገናኙበትን አገር ለማየት አየርላንድ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1884 በተርልስ ከተማ ሲመሠረት ዓላማው በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የአየርላንድን ባህላዊ ጨዋታዎች ማስቀጠል ነበር። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ በ15 ተጫዋቾች፣ በእጅም በእግርም የሚካሄደው ጌሊክ እግር ኳስና በዱላ የሚካሄደው ሐርሊንግ። ሐርሊንግ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከእኛው የገና ጨዋታ፣ በኦሮሚኛ ቂሌ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ አየርላንዶች ማኅበር፣ ሕግና ስታዲየም ሠርተውለታል።

እያንዳንዱ የጌሊክ ክለብ በአብዛኛው የአንድ አጥቢያ ነው። ሜዳው የማኅበሩ ሲሆን ተጫዋቹ ደመወዝ የማይከፈለው የአጥቢያው ልጅ ነው፤ ሰኞ መምህር ወይም አናጢ ሆኖ ሥራ ይገባል። ከክለቦቹ ብዙዎቹ በሪፐብሊካን ታጋዮች ስም ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1920 የእንግሊዝ ኃይሎች በደብሊን ክሮክ ፓርክ በጨዋታ መሐል ተኩስ ከፍተው 14 ሰዎች ሲሞቱ፣ አንዱ የቲፐራሪ ተጫዋች ማይክል ሆጋን ነበር። ከስታዲየሙ መቀመጫ ክፍሎች አንዱ በስሙ ይጠራል። በሰሜን አየርላንድ ያለው የክሮስማግሌን ሬንጀርስ ክለብ ሜዳ ከፊሉ ለዓመታት በእንግሊዝ ጦር ተይዞ ነበር። ክለቡ በዚያ ሁኔታ ውስጥም ሆነ ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ የመላ አየርላንድ ክለቦች ሻምፒዮን ሆኗል። የእንግሊዝ ጦርና የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ አባላት ወደ ማኅበሩ እንዳይገቡ የሚከለክለው ደንብ ቁጥር 21 የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ ክለብ ላይ መወራረድ የተለየ ባሕርይ አለው። ግብ ጠባቂው ጉልበቱን ማመሙን ከደብሊን ወይም ከለንደን የተቀመጠው ኦድ አውጪ ሳይሰማ የአጥቢያው ሰው ሊሰማ ይችላል። በዚህም የተነሳ አወራራጆች በትንንሽ የክለብ ጨዋታዎች ላይ የሚቀበሉትን ገንዘብ ይገድባሉ። የጉደር ተወራራጅ በአርሰናል ላይ ሲወራረድ እንዲህ ያለ ብልጫ የለውም፤ እሱ የሚያውቀውን ሁሉ ኦድ አውጪው ከእሱ በፊት ያውቃል። የሰፈሩን ቡድን አቋም ማንም ሳይነግረው ቢያውቅም የሰፈሩ ቡድን ቲኬት ላይ እምብዛም አይገኝም።

የአየርላንዱ ቅርበት ግን ዋጋ አስከፍሏል። የክሮስማግሌንና የአርማ ኮከብ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአርማ ጋር የመላ አየርላንድ ዋንጫን ያነሳው ኦሺን ማክኮንቪል በቁማር ሱስ መያዙን በአደባባይ ተናግሮ መጽሐፍ ጽፏል፤ በኋላም የሱስ አማካሪ ሆኗል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ጉባኤ ከውርርድ ድርጅቶች ስፖንሰርነት መቀበልን በከፍተኛ ድምፅ ከለከለ። ይህ ውሳኔ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በውርርድ ድርጅት ስም ከመጠራቱ ከሦስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ማነጻጸሩ ፍትሐዊ ላይመስል ይችላል፤ የጌሊክ ማኅበር ተጫዋቾቹ ደመወዝ ስለማይከፈላቸው እምቢ ማለት ይቀልለዋል፤ ደመወዝ ለመክፈል የሚቸገሩ ክለቦች ያሉበት ሊግ ግን ስፖንሰር አይመርጥም።

ቁጥጥር

በኢትዮጵያ የስፖርት ውርርድ ሕጋዊ የሚሆነው ከብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር፣ አሁን የኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት ከሚባለው ተቋም፣ ፈቃድ ሲገኝ ነው። ለመወራረድ ዕድሜ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ይህ ማለት በመደበኛ ዕድሜው ዩኒቨርሲቲ የገባ የአምቦ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሕግ ተወራራጅ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። በተግባር የመስኮት ሠራተኛው መታወቂያ ካልጠየቀ ድንጋጌው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ባለሥልጣናት ችግሩን የሚያዩት ብዙውን ጊዜ ከጸጥታ አንጻር ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን በተደጋጋሚ ያሸገ ሲሆን፣ የሚሰጠው ምክንያት ወጣቱን ለወንጀልና ለሥራ ፈትነት ይዳርጋሉ የሚል ነው። ሥራ አጥነቱ ውርርዱን አመጣ ወይስ ውርርዱ ሥራ አጥነቱን የሚለው ጥያቄ በእነዚህ መግለጫዎች ውስጥ ብዙም ቦታ አያገኝም።

ቤት ማሸግ የሚቆጣጠረው ቤቱን ብቻ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ማስገባትም ማውጣትም በስልክ ሆኗል፤ ቲኬቱም ወረቀት መሆኑ ቀርቷል። በስልክ የሚወራረድን ሰው የሚያቆመው የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። ከሃጫሉ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲዘጋ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ምክንያት ለወራት ቆሞ ከቀጠለ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር።